ሃያ አንዱ ግራጫ

ለቅሶ ቤት ስገባ የማያስመሰግን ልማድ አለብኝ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ባዶ ወንበር ፈልጌ መቀመጥ ሲገባኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፎቶው ነው። ጥግ ላይ ባለችው ጠረጴዛ፣ ዳንቴል ተነጥፎለት፣ ሻማ በርቶለት የሚቆም የሟች ፎቶ አለ አይደል? እሱን ነው የማየው። ሟቹን ልሰናበት ብዬ ግን አይደለም። አረንጓዴ መትቶት እንደሆነ ላጣራ ነው።

ሐዘንተኞቹ ይህን በምን ያውቃሉ? ፎቶው ፊት ቆሜ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ዘንበል ስል ሲያዩኝ «እንዴት ቢወዳቸው ነው!» ይባባላሉ። እንዲያውም አንዲት እናት ከኋላዬ መጥተው፣ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «በቃህ ልጄ፣ ለነፍሳቸውም ጥሩ አይደለም» ብለው ወንበር ሰጥተውኛል። ሟቹን በሕይወት ሳሉ አላውቃቸውም። የወሰደኝ የእድር ግዴታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ዕድሜውን በሙሉ ቢጫ ሹራብ ሲወድ የኖረ፣ የልጁ ሰርግ ላይ ቀይ ክራቫት አስሮ የጨፈረ ሰው፣ ባረፈ በሰዓታት ውስጥ ቀለሙ ተገፎ ወደ ፎቶ ቤት ይላካል። ፎቶ ቤቱ ደግሞ «ጥቁርና ነጭ» ብሎ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ጥቁርም ነጭም አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ በነጩ አምፖል ሥር አረንጓዴ ይመታዋል። ፎቶውን ይዞ ከፊት የሚሄደው ልጅ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሐምራዊ ይሆናል። ማታ ሻማ ሲበራለት ደግሞ ቡናማ። በሕይወቱ አንድ አቋም ይዞ የኖረ፣ በእድር ስብሰባ ላይ እንኳ ሐሳቡን ቀይሮ የማያውቅ ሰው፣ ከቤቱ እስከ የካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ መልኩን ቀያይሮ ይሸኛል።

ፎቶ ቤቶቹን ለመውቀስ አይደለም። እነሱ የተሰጣቸውን ማሽን ነው የሚነዱት። ብዙዎቹ የፎቶ ማተሚያዎች ስድስት ቀለም አላቸው፤ ጥቁር፣ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ከዚያ የሳያኑና የማጀንታው ሳሳ ያሉ ታናናሾች። ልብ በሉ፣ ግራጫ የሚባል ታንክ የለም። ማሽኑ ግራጫ ሲታዘዝ ጥቁሩን ብቻ መጠቀም ይፈራል፤ ብርሃን ያረፈበት ጉንጭ ላይ ጥቁር ጠብታ እዚህም እዚያም ተራርቆ ሲያርፍ ፊቱ ጠቃጠቆ ይሆናላ። ስለዚህ ሳያኑን፣ ማጀንታውንና ቢጫውን ጠርቶ «ተመካክራችሁ ግራጫ ሁኑ» ይላቸዋል።

ምክክር ደግሞ እንደምታውቁት ነው። አንዱ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደረገ እንደሆነ ቃለ ጉባኤው በእሱ ቀለም ይጻፋል። ሦስቱ እኩል ቢስማሙም እንኳ ስምምነቱ የሚጸናው በተፈረመበት መብራት ሥር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የሚመልሰው ብርሃን ለየቅል ስለሆነ፣ ፀሐይ ላይ ግራጫ የነበረው በአምፖል ሥር ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል።

እኔን እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተኝ ሟች አይደለም፤ ጥር 12 ያነሳሁት ፎቶ ነው።

የየካን ሰው ጥር 12 ምን እንደሆነ አልነግረውም። ለሌላው ልንገር። ጥምቀት በዋለ በማግስቱ፣ ሌሎቹ ታቦታት ከጃንሜዳ ወደየደብራቸው ከገቡ በኋላ፣ የየካ ሚካኤል ታቦት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ነው። ያን ቀን መንገዱ በሙሉ ነጭ ይለብሳል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሀገር ልብስ፣ የካህናቱ ጥምጥም፣ ሁሉም በጥር ፀሐይ ሥር። ከነጠላው ሥር ደግሞ የእኛ ፊት አለ፤ በገዛ ነጠላው ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ጠይም ፊት። ካሜራ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እንዲህ የተራራቁ ሁለት ነገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ የሚያቅተው ወረቀቱን ነው እንጂ ካሜራውን አይደለም።

በፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ፎቶው ያማረ ነበር። የነጠላው ድር ይታያል፣ የካህናቱ ዣንጥላ ዘርፍ ይታያል፣ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዜሙ የግንባራቸው ሽብሽብ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሲታተም ግን ነጠላው ዱቄት ሆነ፣ ሽማግሌው ደግሞ ከነጠላቸው በስተቀር ጠፉ።

«ብራይትነስ ልጨምርለት?» አለኝ ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ልጅ።

ጨመረ። ሽማግሌው ተመለሱ፤ ነጠላቸው ሄደ። አንድ ዣንጥላም ማንም ሳይዘው አየር ላይ ቀረ።

«ኮንትራስት ልቀንስ?»

ቀነሰ። አሁን ሁሉም ሰው ተመለሰ፤ ግን በጥር 12 ሳይሆን በሐምሌ 12 ጉም ውስጥ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና በትሕትና «ጋሼ፣ ለምን በከለር አናወጣውም?» አለኝ። የሚያውቀውን ሁሉ ሞክሯል፤ ሌላ ምን ይበል?

በሽታው ያለው ፎቶው ላይም ልጁ ላይም አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ነው። ማተሚያው አንዲት ጠብታ ሲተፋ ወረቀቱ ጠብታዋን በነበረችበት መጠን አይቀበላትም፤ ይጠጣትና ዙሪያዋን ያሰፋታል። ስለዚህ ሃምሳ በመቶ ጥቁረት ስታዙ በዓይን የሚታየው ሰባ ሊሆን ይችላል። ወደ ጥቁሩ ጫፍ ስትጠጉ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ወረቀት ቀለም የሚጠግብበት ልክ አለው። ከዚያ ወዲያ ብትጨምሩለት መጥቆሩን ትቶ መርጠብና መጨማደድ ነው የሚጀምረው። ሰማንያውም፣ ዘጠናውም፣ መቶውም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነው ይቀራሉ። ያ «አንድ ዓይነት ጥቁር» የተባለው ሠፈር ውስጥ ማን ይኖራል? የእኛ ጸጉር፣ የእኛ ቅንድብ፣ የእኛ የዓይን ብሌን፣ ከነጠላ ሥር የተጠለለው ፊታችን።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ያገሬ ሰው። ስለ ወረቀቱ የተባለው ትክክል ነው፤ እንዲያውም ያልሰጡትንም ጨምሮ ይይዛል። ስለ ሞኙ ደግሞ ባለቤቴን ጠይቁ።

መድኃኒቱ ከርቭ ይባላል። ወረቀቱ የሚያጎብጠውን መስመር አስቀድሞ በተቃራኒው ማጉበጥ ነው። ሃምሳ ስታዙት ሰባ የሚያደርግ ወረቀት ካለ፣ ሃምሳ ሲፈለግ ሠላሳ ምናምን ትሰጡታላችሁ። ጠማማውን የሚያቃናው ሌላ ጠማማ ነው፤ ይህን ግን ለፖለቲከኞች እንዳትነግሩብኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር ሃያ አንድ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች በአንድ ረድፍ ታትማላችሁ፤ ዜሮ፣ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት እያለ እስከ መቶ። ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ቀለም እርጥብ ሲሆንና ሲደርቅ ጥቁረቱ አንድ ስላልሆነ ማሳደር ያስፈልጋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያላችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት እያንዳንዷን ግራጫ ትለካላችሁ። ለዚህ ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ዋጋውን የሰማሁ ቀን ሌሊቱን በትዝታ ነው ያደርኩት። ደግነቱ ተራ ስካነርም በሚታወቅ የግራጫ መለኪያ ከተስተካከለ ለሥራው ይበቃል። ሙያ በልብ ነው።

የሚለካው ለዓይን የሚታየው ብሩህነት ነው፤ ኤል ስታር በሚባል ከ0 እስከ 100 በሚቆጥር ሚዛን። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር ታገኛላችሁ። የትኛውም ወረቀት መቶ ነጭ አይደለም፣ የትኛውም ቀለም ዜሮ ጥቁር አይደለም። ጥሩ ማት፣ ማለትም የማያብለጨልጭ፣ ወረቀት ነጩ 96 አካባቢ፣ ጥቁሩ 16 አካባቢ ነው። መሐል ላይ ያለው 80 ብቻ ነው። ያንን ለሃያ እርምጃ ስታካፍሉት ለእያንዳንዱ 4 ይደርሰዋል። ከዚህ በኋላ ሥራው ሁሉ ይህችን 4 በትክክል ማካፈል ነው፤ ለነጠላውም 4፣ ለሽማግሌውም 4። የውርስ ክርክር ያየ ሰው ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይገባዋል።

ይህን የሚሠራ ሶፍትዌር አለ። ሮይ ሃሪንግተን የሚባሉ አሜሪካዊ የጻፉት ነው፤ ኳድቶን ሪፕ ይባላል፤ ዋጋው 50 ዶላር። የማተሚያውን የራሱን ፕሮግራም አልፎ እያንዳንዱን የቀለም ታንክ ለብቻው ያዝዛል። «አንተ ሳያን፣ ዛሬ አትናገርም፤ ጥቁር እስከዚህ ድረስ ብቻ» ማለት ይቻላል። ምክክሩ ተበትኖ ሰብሳቢው ብቻውን ሲወስን ማለት ነው፤ በግራጫ ጉዳይ ይህ ይሠራል።

ከሳቸውም የባሰ አለ። ጆን ኮን የሚባሉ በቬርሞንት የሚኖሩ የኅትመት ባለሙያ ከማተሚያው ውስጥ ቀለማቱን ሁሉ አውጥተው፣ በየታንኩ ጥቁሩን ብቻ እያቀጠኑ ሞሉበት። አንዱ ታንክ አቦል፣ ቀጣዩ ቶና፣ የመጨረሻው በረካ። እኛ በሦስት የምናቆመውን እሳቸው ሰባት አድርሰውታል። ፒዬዞግራፊ ይሉታል። ቀጭኑ ግራጫ ለጉንጩ፣ ወፍራሙ ለቅንድቡ ስለሚሆን ጠቃጠቆውም ይጠፋል፤ ቀለም ስላልገባበት አረንጓዴ የሚመታው ነገርም የለም።

ይህ ቀለም ከምን ይሠራል ብዬ ሳጣራ ሳቄ መጣ። ከካርቦን። ካርቦን ማለት በእኛ ቋንቋ ጥላሸት ነው። ኮን በአሜሪካ ይህን ሳያስቡ ከብዙ ምእት ዓመት በፊት የእኛ ጸሐፍት ከድስት ቂጥና ከኩራዝ ላይ ጥላሸት እየጠረጉ፣ የተቃጠለ እህል እየጨመሩ፣ በሙጫ እያጣበቁ፣ ወራት እያስቀመጡ እያብላሉ ብራና ላይ ይጽፉበት ነበር። ስንት መቶ ዓመት ያለፈው ብራና ገልጣችሁ ብታዩ ፊደሉ ጥቁር ነው። የእኛ ሠፈር ማተሚያዎች የሚጠቀሙበት ርካሹ ቀለም ግን አብዛኛው ውኃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ስለሆነ፣ ፎቶው መስኮት ፊት ከተሰቀለ ሟቹ ሁለተኛ ጊዜ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ።

ይህን ለባለቤቴ ሳጫውታት ዓይኔ የእንጀራው ምጣድ ላይ አረፈ መሰለኝ። ከእንጦጦ በወረደ ባሕር ዛፍ ስንት ዓመት የጠቆረ ምጣድ ነው።

«እንዳታስበው» አለችኝ።

አላሰብኩትም። ብቻ ጥላሸት ሲቀጥን ወደ ቡናማ እንደሚያደላ፣ ለቁም ፎቶ ደግሞ ያ ሞቅ ያለ ግራጫ እንደሚያምር ነገርኳት። ምጣዱን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች።

ቤት ውስጥ የማትማቸውን የግራጫ ረድፎች ኮሪደር ላይ ገመድ ወጥሬ በልብስ መቆንጠጫ ነው የማደርቃቸው። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ለቡና መጥተው ከሥራቸው ቆሙና ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ? ዳማ ነው?»

«አይ እማማ፣ ግራጫ ነው።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ልለካው ነው።»

ዝም አሉ። ቡናው ሦስት ሲደርስ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብለው፣ ለእሷ ብቻ በመሰላቸው ድምፅ፣ «እንጦጦ ማርያም እኮ ቅርባችን ነው፤ ጸበሉን አታስጀምሪውም?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ጸበሉ ባይሆንም የእንጦጦ ነገር ከግራጫዬ ጋር ይያያዛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጋራ በሐምሌ ጉሙ ቁልቁል ይወርድና የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ሠፈር ይሞላዋል። ያን ጊዜ ልብስ አይደርቅም፣ ወረቀትም አይደርቅም። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ጠብታዋን ከወትሮው የበለጠ ያሰፋታል፤ በጥር ቀጥ ያለው መስመር በሐምሌ ሆዱ ይነፋል። በጥር ደግሞ በተራው አየሩ ደርቆ የማተሚያው ኖዝል ላይ ቀለሙ ይጋገራል። ስለዚህ በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ «ክረምት» እና «በጋ» የሚባሉ ሁለት ከርቮች አሉ። መብራት ሲሄድስ የሚባለው ሦስተኛው ገና አልተሠራም። ኅትመቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ከሄደ ሟቹ አንገታቸው ላይ ነጭ መስመር ይዘው ይወጣሉ፤ ይህን ለቤተሰብ ማሳየት ነውር ነው።

ወረቀቱም ቢሆን አያምኑትም። ከርቭ ለአንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላ ወረቀት ሌላ ሆድ አለው። አንዱን ወረቀት አቃንቼ ስጨርስ መርካቶ ያለው ነጋዴ «እሱ እኮ አይመጣም አሁን፤ ዶላር የለም፤ ይሄኛው ግን ከሱ ይሻላል» ይለኛል። ይሻላል። በስንት እንደሚሻል ለማወቅ እንደገና ሃያ አንድ ግራጫ ማተም ነው።

አሁን ወደ ፊታችን እንመለስ። ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ሲስተካከል የኖረው በማን ፊት ይመስላችኋል? በሸርሊ። ሸርሊ የኮዳክ ኩባንያ ሠራተኛ ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሷ ፎቶ በካርድ ታትሞ ለየፎቶ ላብራቶሪው ይላክ ነበር። የሸርሊ ፊት ካማረ ማሽኑ ደህና ነው ይባላል። ሸርሊ ነጭ ናት። ከሷ በኋላ የመጡት ሴቶችም ነጭ ሆነው ሳለ ስማቸው «ሸርሊ» ተብሎ ቀጠለ። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሰዎች በካርዱ ላይ አብረው የወጡት በ1990ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ የኛ ሰው የሰርግ ፎቶ በሸርሊ ሲመዘን ኖሯል ማለት ነው።

በጥቁርና ነጩም ያው ነው። ታላቁ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር በ1930ዎቹ መጨረሻ የብርሃንን ደረጃ ከዜሮ እስከ አሥር ከፋፍሎ ነበር። ፀሐይ ያረፈበት የነጭ ሰው ቆዳ ስድስተኛው ላይ፣ ጥቁር ቆዳ አምስተኛው ላይ ይቀመጣል አለ። አንድ ደረጃ! ሰውየው ተራራ በማንሳት ወደር የለውም፤ ለሰው ግን አንድ ለቅሶ ቤት ገብቶ ቤተሰብ ሲከራከር ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑን እስከ ሠላሳ ያደርሰው ነበር። እኛ እኮ ቀይ አለን፣ የብስል ቀይ አለን፣ ቀይ ዳማ አለን፣ ጠይም አለን፣ ጠቆር ያለ ጠይም አለን፣ ጥቁር አለን። አንዱን ከሌላው ያምታታ ሰው እርቅ ሳይቀመጥ አይታለፍም።

እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። ሠፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አረፉ። በእድሩ ዘንድ «ጥሩ ፎቶ ያወጣል» የሚል ስም ስለወጣልኝ ልጆቻቸው ፎቶ ላኩልኝ። ፎቶው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ጉርድ ነው፤ በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም የተላከ። በግራ ትከሻቸው ላይ ክቡ ማህተም አርፏል። ማህተሙን አንስቼ፣ ያደበዘዘውን አጥርቼ፣ «በጋ» በሚለው ከርቭ አተምኩት። አረንጓዴ የለ፣ ሐምራዊ የለ። ከነጠላቸው ጥለት እስከ ዓይናቸው ብሌን ድረስ እያንዳንዱ ደረጃ ድርሻውን ይዟል። በኮሪደሩ መብራት አየሁት፣ በረንዳ ላይ አየሁት፣ በሻማ አየሁት። አልተነቃነቁም።

ትልቋ ልጃቸው ገና ከፖስታው ስታወጣው «ይሄ ማነው? እማዬ እንዲህ ጠቁራ አታውቅም!» አለች።

«ማን? እህቴ?» አሉ የሟች ወንድም ከወዲያ። «እንዲያውም አቅልቷታል። እህቴ ጠይም ናት፤ የእናታችንን መልክ ነው የወረሰችው።»

«ቀይ ዳማ ናት፣ አጎቴ!»

«ቀይ ዳማ አባትሽ ነው።»

ዋሺንግተን ያለው ልጅ በቪዲዮ ተደወለለት። ፎቶው ስልኩ ፊት ተያዘለት፤ እሱ ደግሞ እንባውን እየጠረገ «እኔ ጋ ሰማያዊ ሆና ነው የምትታየኝ» አለ። ትንሿ ልጅ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር። ፎቶውን ተቀብላ፣ ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ «ይህቺማ ራሷ ናት፤ ሽበቷ ግን በዝቷል» አለች። ሽበቱን እኔ አልጨመርኩም። ፎቶ ቤቶቹ ነጩን ሁሉ ወደ ዱቄት ስለሚቀይሩት ከዚህ በፊት ሽበት ከነጠላ ተለይቶ ታይቶ ስለማያውቅ ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሌላ ቦታ የታተመው ተመረጠ። አረንጓዴው። እሱ ላይ ቀላ ብለዋል ተባለ። የኔም አልተናቀም፤ «ለተዝካሩ እናወጣዋለን» ብለው አመስግነው ሸኙኝ።

አልተቀየምኩም። ድሮም እንዲህ ነበር። በመስታወትና በፊልም ዘመን፣ ከዲያርባክር መጥተው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆኑት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ በአዲስ አበባ ሲሠሩ በነበሩበት ጊዜ፣ በዓለም ያለ ብዙ ስቱዲዮ እርሳስ ቀራጭ ነበረው። ኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የሚስል ባለሙያ ማለቴ ነው። ኔጋቲቭ ላይ እርሳስ ያረፈበት ቦታ ብርሃን አያሳልፍምና ሲታተም ይነጣል። ሽብሽቡ ይጠፋል፣ ጠባሳው ይጠፋል፣ ጉንጩ ይቀላል። በጥቁር እርሳስ ሰው ማቅላት የሚባል ሙያ ነበር ማለት ነው፤ ደንበኛውም ከፍሎበት ይሄድ ነበር። የፎቶ ቤት ደንበኛ ትክክለኛ ግራጫ ጠይቆ አያውቅም።

የተለየ ሰው ያገኘሁት የእድራችንን ጸሐፊ ነው። የዚያን ቀን ክርክሩን ጥግ ላይ ተቀምጠው በዝምታ ሲያዳምጡ ነበር። ቃለ ጉባኤ የመያዝ ልማድ ስላላቸው መጨቃጨቅ አይወዱም፤ የሚወዱት መፈረም ነው። በሳምንቱ ከባለቤታቸው ጋር ቤቴ መጡ። እትዬ ከባለቤቴ ጋር ወደ ጓዳ ገቡ፤ ጸሐፊው ኮሪደሩ ላይ ቀሩ።

«ያ የምትለካበት ወረቀት የታለ?»

ከገመዱ ላይ አውርጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ከነጩ ጫፍ ጀምረው በጣታቸው ቆጠሩ። ሃያ አንድ መሆኑን ሲያረጋግጡ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሞት እንደሆነ አይቀርም» አሉኝ። «ያን ዕለት ቤተሰብ እንዳይጣላ የኔን ከወዲሁ እንጨርሰው። ፎቶ አለኝ፤ አንተ ታትመዋለህ፣ እኔ ከኋላው እፈርምበታለሁ፣ እድሩ ያስቀምጠዋል።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው» አሉና ጣታቸውን ከነጩ ጫፍ ዘጠነኛው ላይ አሳረፉ፤ «ፊቴን እዚህ ላይ አድርግልኝ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መለኪያ ነው እንጂ ምርጫ አይደለም። ፎቶው ራሱ ነው የሚወስነው...»

«ግድ የለም፣ ዘጠኝ ይበቃኛል። ስምንትም አላልኩ።»

እትዬ የቡና ስኒ ይዘው ከጓዳ ሲወጡ ይህን ሰሙ። ስኒውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፣ ረድፉን ከባላቸው እጅ ተቀበሉ፣ ወደ በረንዳው ብርሃን አወጡት። ወረቀቱን አዩ፣ ጸሐፊውን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ።

«ዘጠኝ?» አሉ። «እኔን ያገባኝ ሰውዬ አሥራ ሦስተኛው ላይ ነው ያለው።»